በሐኒባል ልብወለዶች ውስጥ ታሪኩ የቱ ነው፣ ፈጠራውስ?

በ2023 መገባደጃ ላይ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ስለ ካርቴጁ የጦር አዛዥ ስለ ሐኒባል ፊልም ሊሠራ መሆኑና መሪ ተዋናዩም ጥቁር አሜሪካዊ እንደሚሆን ሲሰማ፣ የጥንቷ ካርቴጅ ፍርስራሽ በሚገኝባት በቱኒዚያ እስከ ፓርላማ የዘለቀ ክርክር ተነሣ። ከፊሉ ሰው ታሪካችን ተዛባ አለ፤ ከፊሉ ደግሞ ፊልም ፈጠራ ስለሆነ ሠሪው እንደወደደ ቢሠራው መብቱ ነው ሲል መለሰ። ሁለቱም ወገኖች «እውነተኛው» የሐኒባል ታሪክ አንድ ቦታ ተጽፎ ተቀምጧል፣ ጥያቄው እሱን መከተል ወይም አለመከተል ብቻ ነው ከሚል ግምት የተነሡ ይመስላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በሐኒባል ዘመን ኖሮ መልኩን የገለጸ የአንድም ጸሐፊ ቃል ለእኛ አልደረሰም። ቤተሰቡ በስፔን ባስቀረጻቸው የብር ገንዘቦች ላይ የሚታየው ፊት የእሱ ወይም የአባቱ ነው የሚሉ ሊቃውንት እንዳሉ ሁሉ፣ የለም፣ መልቃርት የተባለው አምላክ ፊት ነው የሚሉም አሉ።

ስለ ሮማና ስለ ካርቴጅ ጦርነቶች የተጻፉ ልብወለዶች ከምን ከምን እንደሚሠሩ ለመረዳት ከዚህ ክፍተት መነሣት ይሻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ሲሆኑ፣ «ቅ.ል.ክ.» የሚለው ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ማለት ነው፤ በዚህ አቆጣጠር ዘመኑ ወደ ፊት ሲሄድ ቁጥሩ ስለሚቀንስ፣ ከ218 ቀጥሎ የሚመጣው 217 ነው።

ታሪካዊ ልብወለድ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው?

ታሪካዊ ልብወለድ በእርግጥ በነበረ ዘመንና ቦታ፣ ብዙ ጊዜም በእርግጥ በኖሩ ሰዎች ላይ ተመሥርቶ፣ መዝገብ ያላስቀረውን ነገር በደራሲው ምናብ የሚሞላ ድርሰት ነው። ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ የተሰበረ ገንቦ እናስብ። ከስባሪው ግማሹ ብቻ ቢገኝ፣ የሙዚየሙ ጠጋኝ የጎደለውን ሞልቶ ገንቦውን ያቆመዋል፤ ነገር ግን ተመልካቹ ጥንታዊውን ከአዲሱ እንዲለይ የሞላውን ክፍል ሆን ብሎ በቀለም ለየት ያደርገዋል። ደራሲ ግን ሁሉንም አንድ ቀለም ይቀባል። ይህም ማጭበርበር አይደለም፤ መጋጠሚያው በታየ ቁጥር አንባቢው ከታሪኩ ውስጥ እየወጣ ስለሚቸገር የሙያው ግዴታ ነው። በዚህም የተነሣ የአንድን ልብወለድ ዓረፍተ ነገር አይቶ ብቻ ይህ ከምንጭ የመጣ ነው፣ ያኛው ከደራሲው ራስ የፈለቀ ነው ማለት አይቻልም። «ምንጭ» ሲባል ስለ ድርጊቱ የሚመሰክር ጥንታዊ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ የተቀረጸ ጽሕፈት ወይም ከባሕር የወጣ የመርከብ ስባሪ ማለት ነው።

በሮማና በካርቴጅ ጉዳይ ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። በእጃችን ያሉት የገንቦው ስባሪዎች ራሳቸው፣ ዘመናዊው ደራሲ ሳይነካቸው በፊት፣ በጥንታውያን ጸሐፊዎች እጅ የተቀቡ ናቸው።

ጦርነቶቹ የትኞቹ ነበሩ?

በአጭሩ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው (ከ264 እስከ 241 ቅ.ል.ክ.) ስለ ሲሲሊ ደሴት የተደረገና በአብዛኛው የባሕር ውጊያ የበዛበት ነበር። ሁለተኛው (ከ218 እስከ 201 ቅ.ል.ክ.) ሐኒባል ከስፔን ተነሥቶ የአልፕስን ተራሮች አቋርጦ ኢጣሊያ የገባበት ነው፤ ልብወለዶቹም በብዛት የሚያተኩሩት በዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው (ከ149 እስከ 146 ቅ.ል.ክ.) ካርቴጅ ተከባ፣ ተቃጥላ ጠፋች፤ ከሞት የተረፉትም 50,000 ያህል ሰዎች በባርነት ተሸጡ። ጦርነቶቹ «ፑኒክ» የሚባሉት ሮማውያን ካርቴጃውያንን ይጠሩበት ከነበረው፣ «ፊንቄያዊ» ከሚለው ስም ከተገኘ ቃል ነው፤ ካርቴጅን የቆረቆሯት ከዛሬዋ ሊባኖስ ጠረፍ፣ ከጢሮስ የመጡ ፊንቄያውያን ነበሩና። ስያሜው ራሱ የአንዱ ወገን ነው።

እዚህ ላይ ለአማርኛ አንባቢ የተከፈተች አንዲት ትንሽ በር አለች። የካርቴጃውያን ቋንቋ እንደ ግእዝና እንደ አማርኛ የሴም ቋንቋ ነበር። የከተማይቱ ስም በራሳቸው አነጋገር «ቀርት ሐደሽት» ሲሆን ትርጉሙ አዲስ ከተማ ነው፤ «ሐደሽት» ከግእዙ «ሐዲስ»፣ በአዲስ አበባ ስም ውስጥ ካለውም «አዲስ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። የሐኒባል አባት ቅጽል «ባርቃ» መብረቅ ማለት ነው። በሐኒባል ስም ውስጥ ደግሞ «ሐና» እና «ዮሐንስ» በሚሉት ስሞች ያለው የሞገስ ሥር፣ በመጨረሻም «ባል» እና «ባለቤት» ከምንላቸው ቃላት ጋር የሚዛመደው «በኣል» (ጌታ) ይገኛል፤ በኣል ሞገስ ሰጠ እንደማለት ነው። ብዙው ዓለም በግርጌ ማስታወሻ የሚረዳውን ይህን ነገር እኛ በጆሯችን እንሰማዋለን።

ስለ ጦርነቶቹ የነገረን ማን ነው?

ከካርቴጅ ወገን ማንም የለም ማለት ይቻላል። ተከሳሹ የሰጠው ቃል ጠፍቶ የከሳሹና የከሳሹ ወዳጆች ምስክርነት ብቻ የቀረበትን የፍርድ ቤት መዝገብ የሚያገላብጥ ዳኛ ያለበት ሁኔታ፣ ስለ ሐኒባል የሚጽፍ ሰው ያለበት ሁኔታ ነው።

ዋናው ምስክር ፖሊቢዮስ የተባለ ግሪካዊ ነው። በ200 ቅ.ል.ክ. ገደማ ተወልዶ፣ ከሌሎች 1,000 ከሚሆኑ የአገሩ ሰዎች ጋር መያዣ ሆኖ ወደ ሮማ ተወሰደ፤ በዚያም ካርቴጅን በመጨረሻ ያጠፋት የስኪፒዮ ኤሚሊያኑስ ወዳጅ ለመሆን በቃ፤ ከተማይቱም ስትቃጠል አብሮት ነበረ። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ስለ አልፕስ ለመጻፍ መንገዱን ራሱ ሄዶበታል፣ በዘመኑ የነበሩ ሰዎችንም ጠይቋል። ይሁን እንጂ የሚጽፈው የስኪፒዮ ቤተሰብ ወዳጅ ሆኖ ነው፤ ከ40 መጻሕፍቱም በሙሉ የደረሱን የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ምስክር ሮማዊው ሊቪ ነው፤ እሱ የጻፈው ከሐኒባል ጦርነት 200 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ሊቪ ድንቅ ተራኪ ስለሆነ በልብወለዶች ውስጥ የምናገኛቸው ትዕይንቶች ብዙዎቹ፣ ደራሲዎቹ ይወቁትም አይወቁት፣ የተቀዱት ከእሱ ነው።

ሐኒባል የራሱ ጸሐፊዎች ነበሩት። ግሪክኛ ያስተማረው የስፓርታው ሶሲሎስ ዘመቻውን በሰባት መጻሕፍት ጽፎ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ከአንዲት የፓፒረስ ቁራጭ በቀር የቀረ የለም። ፖሊቢዮስ የሶሲሎስን ሥራ የፀጉር ቤት ወሬ ነው ብሎ አጣጥሎታል። ይህን ያህል ከናቀው ስለምን ስሙን ማንሣት አስፈለገው የሚለው ጥያቄ ለደራሲ ጥሩ መነሻ ይመስለኛል።

ሐኒባል ራሱ የተወልን አንድ ነገር አለ፣ ደርሶናልም፤ ግን በሌላ ሰው እጅ አልፎ ነው። በደቡብ ኢጣሊያ፣ በላኪኒየም በነበረ ቤተ መቅደስ ውስጥ የሠራዊቱን ቁጥር በነሐስ ላይ አስቀርጾ ነበር፤ ፖሊቢዮስ ያንን ጽሕፈት በዓይኑ አይቻለሁ ይላል። በዚያ መሠረት ከአልፕስ ወርዶ ኢጣሊያ የደረሰው ጦር 12,000 የአፍሪካና 8,000 የስፔን እግረኛ፣ ከ6,000 የማይበልጥም ፈረሰኛ ነበር። አንድ ልብወለድ ሐኒባል መቶ ሺህ ዘማች አስከትሎ ከተራራው ሲወርድ ካሳየ፣ የተጣላው ከሐኒባል ከራሱ ቃል ጋር ነው።

ታላላቆቹ ንግግሮች በእርግጥ ተነግረዋል?

በ202 ቅ.ል.ክ. ከዛማ ውጊያ በፊት ሐኒባልና የሮማው አዛዥ ስኪፒዮ አፍሪካኑስ (ካርቴጅን ያጠፋው ስኪፒዮ በጉዲፈቻ የልጅ ልጁ ነው) በሁለቱ ሠራዊቶች መካከል ተገናኝተው ተነጋገሩ ይባላል። ፖሊቢዮስም ሊቪም የሁለቱን ንግግር በሰፊው ያቀርባሉ። ነገር ግን ሁለቱም ጸሐፊዎች አዛዦቹ የተገናኙት አስተርጓሚዎቻቸውን ብቻ ይዘው እንደነበር ይናገራሉ። ታዲያ ቃል በቃል የመዘገበው ማን ነው?

መልሱ ማንም አልመዘገበውም የሚል ነው፤ የጥንት አንባቢም ይህንኑ ያውቅ ነበር። በግሪክና በሮማ የታሪክ አጻጻፍ ልማድ ጸሐፊው ለባለታሪኩ ንግግር ያዘጋጅለታል፤ ሁኔታው የሚጠይቀውን፣ ለሰውየውም የሚስማማውን ቃል በአፉ ያኖርለታል። በዘመኑ ዓይን ይህ እንደ ውሸት አይቆጠርም፤ ጸሐፊው ስለ ጉዳዩ ያለውን ትንታኔ የሚያቀርብበት መንገድ ነው። ከሰይፍ ውጊያ ወይም ከከበባ ትዕይንት ይልቅ ልብወለድ ወደ ታሪክ መጽሐፍ በሰፊው የገባው በዚህ በር ነው። ዘመናዊ ደራሲ የሐኒባልን ንግግር ከሊቪ ሲወስድ «ከምንጩ ወሰድኩ» ማለት ይችላል፤ ምንጩ ግን ራሱ በዚያች ገጽ ላይ ድርሰት እየደረሰ ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የልጅነት መሐላው ነው። አባቱ ሐሚልካር ወደ ስፔን ሲዘምት፣ የዘጠኝ ዓመቱን ሐኒባል እጁን በመሥዋዕቱ ላይ አስጭኖ የሮማ ወዳጅ እንዳይሆን አስማለው ይባላል። ይህን የምናውቀው ሐኒባል በስተርጅና፣ በስደት ሳለ፣ ለሶርያው ንጉሥ ለአንጾኪዮስ ነገረው ተብሎ ስለተጻፈ ነው። ያኔ ሐኒባል የንጉሡን ጥርጣሬ ማጥፋት፣ ለሮማ የማይገዛ ጠላት መሆኑን ማሳመን ነበረበት። ታሪኩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የተነገረበት ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ታሪክ በብርቱ የሚያስፈልግበት ጊዜ ነበር። ልብወለዶች መሐላውን የመጀመሪያ ምዕራፍ ያደርጉታል፤ ሐኒባል ሲናገረው ግን የሕይወቱ ማምሻ ነበር።

ዝሆኖቹና የሟቾቹ ቁጥርስ?

ስለ ዝሆኖቹ ምንጮቹ ከምናስበው በላይ ግልጽ ናቸው። ሐኒባል የሮን ወንዝን ያሻገራቸው 37 ዝሆኖች ነበሩ። አልፕስን አልፈው በ218 ማብቂያ በትሬቢያ ወንዝ አጠገብ ከተዋጉ በኋላ፣ ፖሊቢዮስ እንደሚለው፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም በብርድ አለቁ። በሚቀጥለው ዓመት ሐኒባል ረግረጉን ያቋረጠው በዚያ በቀረው ዝሆን ላይ ተቀምጦ ነው፤ አንድ ዓይኑም በዚያ ጉዞ በሕመም ጠፋ። ስለዚህ በ216 ቅ.ል.ክ. በካኔ በተደረገው ታላቅ ውጊያ አንድም ዝሆን አልነበረም። በመጽሐፍ ሽፋንና በሥዕል ላይ ዝሆን የካኔን ሜዳ ሲረግጥ ከታየ፣ ሥዕሉን የሣለው ገበያው ነው። በአንጻሩ በዛማ ከ80 በላይ ዝሆኖች ተሰልፈው ነበር፤ በዚያ ግን ሐኒባል ተሸነፈ።

የካኔ ሟቾች ቁጥር ደግሞ የምንጮች አለመስማማት ምን እንደሚመስል ያሳያል። ፖሊቢዮስ ከሮማ ወገን 70,000 ያህል ሞተ ሲል፣ ሊቪ 45,500 እግረኛና 2,700 ፈረሰኛ ይላል። ልዩነቱ ከ20,000 ሰው በላይ ነው። ታሪክ ጸሐፊ ሁለቱንም አስቀምጦ ይከራከራል፤ ደራሲ ግን ከሁለቱ አንዱን መርጦ ማለፍ አለበት፤ ገጸ ባሕሪው በሬሳ መካከል እየሄደ ስለ ምንጮች ሊከራከር አይችልምና። በሌላ ቦታም እንዲሁ ነው፤ በአልፕስ መንገዱን የዘጋውን ቋጥኝ ወታደሮቹ በእሳት አግለው ኮምጣጤ በማፍሰስ ሰባበሩት የሚለው ዝነኛ ትዕይንት በሊቪ ዘንድ ይገኛል፣ በመንገዱ የሄደበት ፖሊቢዮስ ግን ስለ ኮምጣጤ አንድም ቃል አይናገርም።

በካርቴጅ መሬት ላይ ጨው ተዘርቶባታል?

ሮማውያን ከተማይቱን አፍርሰው ዳግም እንዳይበቅልባት ጨው ዘሩባት የሚለውን ሰምቶ የማያውቅ ጥቂት ነው። ከጥንት ጸሐፊዎች አንድም እንኳ ይህን አልጻፈም። ወሬው በተለይ የተስፋፋው በ1930 በታተመ አንድ ታዋቂ የእንግሊዝኛ የታሪክ መድበል ውስጥ ከገባ በኋላ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ ሊቃውንት ወደ ምንጮቹ ተመልሰው ሲፈልጉት አጡት። ለኢትዮጵያ አንባቢ ነገሩ ከሌላ ቦታ የሚታወቅ ነው፤ በመጽሐፈ መሳፍንት 9፥45 አቤሜሌክ ሴኬምን አፍርሶ ጨው እንደዘራባት ተጽፏል። የካርቴጅ ጨው ከዚያ የተቀዳ ይመስላል። ካርቴጅም ከጊዜ በኋላ በሮማውያን እጅ ዳግም ተቆርቁራ የግዛቱ ታላቅ ከተማ ሆነች፤ በዙሪያዋ የበቀለው ስንዴ ሮማን ይመግብ ነበር፤ በ258 ዓ.ም. ሰማዕት የሆነው ጳጳሱ ቆጵርያኖስም የዚያች ከተማ ጳጳስ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ጨው በየልብወለዱ መጨረሻ ምዕራፍ ላይ መዘራቱን ቀጥሏል። አንባቢው የሚጠብቀውን ትዕይንት መተው ለደራሲ ከባድ ነው።

ስማቸው ያልተመዘገበ ሰዎችስ?

ምናብ በሕጋዊ መንገድ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሊቪ ሐኒባል ካስቱሎ ከተባለች የስፔን ከተማ ሚስት ማግባቱን በአንድ ሐረግ ነግሮን ያልፋል፤ ስሟን አይነግረንም። ዛሬ በየልብወለዱ የምናገኘው «ኢሚልኬ» የሚለው ስም የመጣው ከጦርነቱ 300 ዓመት ገደማ በኋላ ከተጻፈ የላቲን ግጥም ነው። ካርቴጅ በተቃጠለችበት ቀን ለሮማ እጁን የሰጠው አዛዥ የሐስድሩባል ሚስት፣ ባሏን ረግማ ከልጆቿ ጋር ወደ እሳቱ ገባች ተብሎ ተጽፎላታል፤ የባሏን ስም እናውቃለን፣ የእሷን ግን ማንም አልጻፈውም። ከሐኒባል ሠራዊት አብዛኛው የኑሚዲያ፣ የስፔን፣ የጎል ሰው ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ስለ ራሱ አንድ መስመር የተወ የለም። ጥሩ ልብወለድ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሐኒባል ድንኳን ወጥተው ወደ ፈረስ ጠባቂው የሚሄዱት ለዚህ ይመስለኛል፤ በፈረስ ጠባቂው ላይ የሚቃረን ምንጭ የለም፣ ስለ ጥንቱ ኑሮ የሚታወቀውም ሁሉ፣ ከምግቡ እስከ ቋንቋው፣ በእሱ በኩል ሊገባ ይችላል።

ቁፋሮም ይረዳል። ከ1971 ጀምሮ በሲሲሊ ጠረፍ፣ በማርሳላ አቅራቢያ የተመረመረ አንድ የካርቴጅ መርከብ በሳንቃዎቹ ላይ የአናጺዎቹ የፊንቄ ፊደላት ተገኝተውበታል፤ ሳንቃዎቹ አስቀድመው ተቆርጠው በምልክት የሚገጣጠሙ ነበሩ ማለት ነው። በ241 ቅ.ል.ክ. የመጀመሪያው ጦርነት በተጠናቀቀበት በኤጋዲ ደሴቶች አጠገብ ካለው የባሕር ወለልም ከ20 በላይ የነሐስ የመርከብ መውጊያዎች ወጥተዋል። ፖሊቢዮስ የማይነግረንን፣ አንድ አናጺ በከሰል ወይም በቀለም ፊደል ሲጽፍ የነበረበትን ከሰዓት፣ ደራሲ ከእነዚህ ሊገነባ ይችላል።

ካርቴጃዊ ሰው በራሱ ቃል ሲናገር የሚሰማበት ቦታ ይኖር ይሆን?

አለ፣ ግን ስለ ጦርነት አይናገርም። ከተማይቱ ስትወድቅ የሮማ ሴኔት የካርቴጅን ቤተ መጻሕፍት ለአፍሪካ ነገሥታት አከፋፈለ፤ ከዚያ በኋላ የደረሱበት አልታወቀም። አንድ ሥራ ብቻ ወደ ላቲን እንዲተረጎም በሴኔቱ ተወሰነ፤ እሱም ማጎ የተባለ ካርቴጃዊ በ28 መጻሕፍት የጻፈው የእርሻ መምሪያ ነው። ትርጉሙም ጠፍቷል፤ ነገር ግን ሮማውያን የእርሻ ጸሐፊዎች እየጠቀሱት ቁርጥራጩ ቀርቷል። ከእነዚህ አንዱ የመጽሐፉ መክፈቻ የነበረው ምክር ነው፤ ርስት የገዛ ሰው የከተማ ቤቱን ይሽጥ፣ ልቡ ከተማ ከቀረ እርሻ አያስፈልገውም ይላል። ከሐኒባል አገር በገዛ ወገኑ እጅ ተጽፈው እኛ ዘንድ ከደረሱት ጥቂት ድምፆች አንዱ እንዲህ ያለ ነው፤ ስለ ወይን ተከላ፣ ስለ በሬ ምርጫና ስለ ንብ የሚመክር አንድ ባለርስት።